የሸሪክ ድርሻ

መርካቶ ውስጥ ነጋዴን ዕድሜውን፣ በሽታውን፣ ሚስቱን ለምን እንደፈታ ሳይቀር ብትጠይቁት ቁጭ ብሎ ያጫውታችኋል። በቀን ስንት እንደሚሸጥ የጠየቃችሁት እንደሆነ ግን ፊቱ ይለወጣል። «ኧረ ገበያ የት አለና!» ይላችኋል፤ ከኋላው ኩሊዎች ካርቶን እያወረዱለት። መዋሸቱም አይደለም፣ እውነቱን መናገሩም አይደለም፤ ሰላምታ በሉት። እኛ የመርካቶ ልጆች ይህንን የተማርነው አፋችንን ስንፈታ ነው። እኔም ተምሬው ነበር። እያወቅኩ ነው ያጠፋሁት፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ኢሕአዴግ ከገባ አሥር ዓመት አልፎታል። ከአማኑኤል ወደ መርካቶ ሲወረድ ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት በጠዋት ፈረቃ እማራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ አባቴ ሱቅ ነኝ። የቤት ዕቃ ነው የምንሸጠው፦ ሳፋ፣ ጆግ፣ ብርጭቆ፣ ስኒ፣ ፔርሙስ። የአባቴ ሱቅ እላለሁ እንጂ ሱቁ የሁለት ሰው ነው።

አባቴ የጎጃም ሰው ነው፣ ሸሪኩ ስልጤ ናቸው። ሁለቱም ወጣት ሳሉ አስፋልት ዳር ጎን ለጎን ዘርግተው ሲሸጡ፣ ፖሊስ ሲመጣ አንዱ የሌላውን ዕቃ አቅፎ ሲሮጥ ነው የተዋወቁት። ሱቁን የያዙት ግማሽ ግማሽ አዋጥተው ነው። በመካከላቸው ግን አንዲት ብጣሽ ወረቀት የለችም። አባቴ «በእመቤቴ» አለ፣ እሳቸው «ወላሂ» አሉ፣ አለቀ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁ ሳይዘጋ የሳምንቱ ትርፍ እኩል ለሁለት ይከፈላል። እኔ ሸሪኩን «ጋሼ» ነበር የምላቸው፤ እዚህም እንደዚያው ልበላቸው።

የጋሼ ልጅና እኔ አንድ ክፍል፣ አንድ ዴስክ ላይ ነበርን። ያቺ ልጅ! ቲቸር የሒሳቡን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጽፋ ሳትጨርስ እሷ መልሱን በጣቷ ዴስኩ ላይ ትጽፍልኛለች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንደኛ እሷ ናት፤ እኔ አንዳንዴ ሁለተኛ፣ አንዳንዴ አምስተኛ። ጋሼ ፊደል አልቆጠሩም፤ ቁጥር ግን እንደ ውሃ ነው የሚጠጡት። «ይቺ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች» ይሉ ነበር፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው። አባቴም «ትገባለች፣ ከኔዪቱ በፊት ትገባለች» ይላል። እኔ ደግሞ በቅናት እበግናለሁ።

ከዚያ ጊዜ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ጋሼን ስኳር ይዟቸው አንድ እግራቸው ተቆረጠ። ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ካለው ቤታቸው መውጣት ቀረ። ሱቁን አባቴ ብቻውን ያዘው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፖስታ ይሰጠኛል፣ ውስጡ አራት መቶ ብር አለ፣ ለጋሼ አደርሳለሁ። ያኔ አራት መቶ ብር በሳምንት ቀላል ገንዘብ አልነበረም፤ መድኃኒታቸውም የልጆቻቸው ቀለብም እሱ ነው። ጋሼ ተቀብለው ሳይቆጥሩ ከትራሳቸው ሥር ያደርጉና «ገበያው እንዴት ነው?» ይሉኛል። «ደህና ነው ጋሼ፣ እንደ ድሮው ነው» እላለሁ፤ አባቴ እንደዚያ በይ ስላለኝ።

እንግዲህ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ባንዲራ ተሰቅሎ ሰልፉ ሳይበተን፣ ዳይሬክተራችን አንድ ባለከረባት ወጣት አስከትሎ መጣ። ትምህርት ቤታችን ከአንድ ባንክ ጋር ተፈራርሟል፤ ከዛሬ ጀምሮ ስምንተኛ ክፍሎች ሐሙስ ሐሙስ ስለ ገንዘብ አያያዝ ይማራሉ ተባለ። እርስ በርሳችን ተያይተን ሳቅን። እኛን ነው ገንዘብ አያያዝ የሚያስተምረን? ግማሾቻችን ከትምህርት ቤት ስንወጣ ሱቅ የምንውል፣ አምስት ሳንቲም መልስ የማናሳስት ልጆች ነን።

ባለከረባቱ ግን ደስ የሚል ልጅ ነበር፣ ይታገሣል። «ልጆች፣ ገንዘብ የት ነው የሚቀመጠው?» ብሎ ጠየቀ።

«ዕቁብ!» አለ ግማሹ ክፍል።

«ሸቀጥ ላይ!» አለ ግማሹ።

አባቱ ምን አለሽ ተራ ከቆርቆሮ ምድጃ የሚሠራ አንድ ልጅ ከኋላ ተነስቶ «ገንዘብ ከተቀመጠማ ሞተ!» አለና ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ባለከረባቱም ስቆ ሰሌዳው ላይ በትልቁ «ባንክ» ብሎ ጻፈ።

በሦስተኛው ሐሙስ የቤት ሥራ ሰጠን። አራት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ነው፦ ገቢ፣ ሌላ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። የቤተሰባችንን የአንድ ሳምንት ሒሳብ ሞልተን እንድናመጣ ነው። «ምንም አትደብቁ» አለን። «ቁጥር አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ቁጥር መደበቅ ነው።» ከሁሉ የበለጠው ሠንጠረዥ በወላጆች ቀን ይለጠፋል፣ ለሠራው ተማሪ ደግሞ ባንኩ መቶ ብር አስገብቶ የቁጠባ ደብተር ይከፍትለታል። የዴስክ ጓደኛዬን አየኋት። ጣቶቿ ከአሁኑ መጻፍ ጀምረዋል። ውስጤ አንድ ነገር ተነሳ፦ ይቺን ልጅ አንድ ቀን፣ በሕይወቴ አንድ ቀን እንኳ ብበልጣት!

በዚያ ሰሞን የግብር ቤት የቀን ገቢ ገማቾች ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ ነበርና የቤት ሥራው ወሬ በአንድ ቀን መርካቶን አዳረሰ። ባንክ ነኝ ባዩ ሰላይ ነው ተባለ። ገማቾቹ በልጆቻችን እጅ ሊጽፉብን ነው ተባለ። በሚቀጥለው ሐሙስ ልጆቹ ያመጡትን ብታዩ! «ሽያጭ፦ የለም። ሽያጭ፦ የለም። ሽያጭ፦ ዝናብ ነበር።» ኧረ ዝናብ ከጠፋ ወር አልፎታል! አርባ ምናምን ሠንጠረዥ፣ ሁሉም ባዶ ኪስ። ባለከረባቱ እያገላበጠ ላብ አጠመቀው።

«ታዲያ ምን በልታችሁ ነው የምታድሩት?» አለ።

«እግዜር አለ!» አለ አንዱ። «አላህ ይሰጣል!» አለ ሌላው። ቲቸር አፏን በእጇ ይዛ ሳቋን ስትውጥ አየኋት።

የጋሼ ልጅ መስመሩን በማስመሪያ አሳምራ አስምራ፣ ውስጡን ባዶ አድርጋ ነው ያመጣችው። አባቷ «ሱቁን የሚያውቀው ሸሪኬ ነው፤ የማላውቀውን ቁጥር በልጄ እጅ አላስጽፍም» ብለዋት። ለመጀመሪያ ጊዜ ዜሮ አገኘች፤ አንገቷን ደፍታ አለቀሰች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

የእኔ ሠንጠረዥ ሙሉ ነበራ! አባቴን አልጠየቅኩትም፤ ብጠይቀው ጆሮዬን ነው የሚለው። ሳምንቱን ሙሉ ከባንኮኒው ጀርባ ቁጭ ብዬ፣ እያንዳንዷን ሳፋና እያንዳንዷን ደርዘን ብርጭቆ በእርሳስ መዘገብኩ። ቅዳሜ ደግሞ የአባቴ መነጽር ተሰብሮ ስለነበር ብሩን የምቆጥርለት እኔ ነኝ። የሸቀጡ ተነሣ፣ የኪራዩ ተነሣ፣ የኩሊው ተነሣ። የቀረው ሦስት መቶ አርባ ብር ነው፤ ትርፍ እሱ ነው። አባቴ ብሩን ከደረደረ በኋላ እጁን ወደ ኮቱ ውስጥ ኪስ ሰደደና ስድሳ ብር አወጣ፣ ጨመረበት፣ አራት መቶውን ፖስታ ውስጥ ከተተው።

«ስድሳውስ ከየት መጣ?» አልኩት።

«አያገባሽም» አለኝ።

እቤት ስገባ እማዬን አየኋት፣ አንገቷ ባዶ ነው። የወርቅ ሀብሏ የለም። «ሀብልሽስ?» ስላት «ሸጥኩት፣ ምን ይሠራልኛል» ብላ ሽንኩርቷን መክተፏን ቀጠለች። እኔ ታዲያ ደብተሬን አወጣሁና «ገቢ» በሚለው ዓምድ ሥር ትርፉን፣ ሦስት መቶ አርባ ብር፣ ጻፍኩ፤ «ሌላ ገቢ» በሚለው ሥር በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፦ «የእማዬ ሀብል ሽያጭ»። «ወጪ» በሚለው ሥር ደግሞ፦ «የሸሪክ ድርሻ፣ አራት መቶ ብር»። ይኼው ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ዓምዱ ክፍት ነው፣ ሞላሁት። የጻፍኩት ምን ማለት እንደሆነ አላነበብኩትም። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ሲሉ ያኔ እኔን አይተው መሆን አለበት።

አሸነፍኩ። ሌላ የጻፈ ሰው ስለሌለ ነው ያሸነፍኩት፤ ያም ሆኖ አሸነፍኩ። ቲቸር ሠንጠረዤን በማርከር በትልቅ ወረቀት ላይ ገለበጠችው፤ የቤተሰብ ነገር ነው ብላ ስሜን ሳትጽፍ። ጥንቃቄዋ ምን ሊረባ! በወላጆች ቀን ባለከረባቱ ስሜን ጠርቶ ወረቀቱ አጠገብ አቆመኝ።

ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል፣ አግዳሚው ሁሉ ሞልቷል። አባቴ መጥቷል። ጋሼም መጥተዋል! ልጃቸው እንደ ልማዷ የአንደኝነት ሽልማት ልትቀበል ነውና፣ ከስንት ጊዜ በኋላ በክራንች ተደግፈው፣ ነጭ ቆባቸውን አድርገው መጡ። አባቴ ከበር ተቀብሎ አስቀመጣቸው። እጃቸውን በእጁ ይዞ ጎናቸው ቁጭ አለ፤ እነሱ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚቀመጡት።

ባለከረባቱ በማስመሪያ ወረቀቱን እየጠቆመ ማስተማር ጀመረ። ነጋዴዎቹ ግን እሱን አይሰሙም፤ ወረቀቱን እያነበቡ ነው። የመርካቶ ሰው ፊደል ቢቸግረው እንኳ ቁጥር አይቸግረውም። አባቴን አየሁት። ፊቱ አመድ ሆኗል። ሠንጠረዡን ዘወር ብዬ አየሁ። ትርፍ ሦስት መቶ አርባ። የሸሪክ ድርሻ አራት መቶ። የእማዬ ሀብል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ክው ብዬ ቀረሁ! ሱቁ የድሮውን አይሸጥም ነበር። የክፍለ ሀገር ደንበኞቹ ጋሼን ብለው የሚመጡ ነበሩና፣ እሳቸው ሲቀሩ ቀርተዋል። አባቴ ሁለት ዓመት ሙሉ የራሱን ድርሻ፣ ሲጎድል ከቤቱ፣ በመጨረሻም ከሚስቱ አንገት ላይ እየወሰደ ነው ፖስታውን ሲሞላ የኖረው። እኔ ይህንን በሕዝብ ፊት ለጥፌ አጠገቡ ቆሜያለሁ፣ ያውም አዲስ ሪባን አሥሬ።

«አያችሁ ልጆች» አለ ባለከረባቱ፣ ምንም ሳይገባው። «ወጪ ከገቢ ሲበልጥ ምን እናደርጋለን?»

«ወጪ እንቀንሳለን!» አሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ። አስጠንቷቸዋል።

«የትኛውን?»

ዓይኑን አዙሮ አንደኛዋን ፈለጋት። «እስቲ አንቺ፣ የሒሳብ ጎበዟ» አላት።

የጋሼ ልጅ ተነሣች። ወረቀቱን አየችው። አባቷን አየቻቸው። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ያንን አስተያየት ለመናገር እስከ ዛሬ ቃል የለኝም። አላውቀውም ማለት ትችል ነበር። እኔ ብሆን እንደዚያ ነው የምለው። እሷ ግን ሒሳብ ላይ አትዋሽም፤ መዋሸት ያልፈጠረባት ልጅ ናት።

«ትርፉ ሦስት መቶ አርባ ከሆነ፣ ለሸሪኩ የሚደርሰው መቶ ሰባ ነው» አለች። «ሁለት መቶ ሠላሳው የሱ አይደለም።»

«ድንቅ ነው! አጨብጭቡላት!» አለ ባለከረባቱ።

ልጆቹ አጨበጨቡ። ከነጋዴዎቹ አንድም ሰው እጁን አላነሣም። ከዚያ ጋሼ እጃቸውን ቀስ ብለው ከአባቴ እጅ አወጡና ለልጃቸው አጨበጨቡላት፣ ብቻቸውን፣ ልጆቹ ካቆሙ በኋላም። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ባለከረባቱ በዚያ መካከል የቁጠባ ደብተሩን እጄ ላይ አስቀመጠ፤ ፎቶም ተነሣን።

ሲወጡ አባቴ ክንዳቸውን ሊደግፍ ሲል ጋሼ «ተወኝ፣ እሄዳለሁ» አሉት። ክራንቻቸውን እየተከሉ በሕዝቡ መካከል ሲሄዱ አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

እቤት ገብተን ዱላዬን ጠበቅኩ። እማዬ ጭኗን መታች፦ «ገመናችንን ገበያ አወጣሽው! በሰው ፊት! ምን አድርገናት ነው ይቺን ልጅ!» አለች። አባቴ ኮቱን እያወለቀ «ተያት» አላት። «ውሸት አልጻፈችም።» ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር፤ ዱላ ቢያንስ ያልቃል።

ቅዳሜ ፖስታውን ይዤ ሄድኩ። ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍተው ቆጠሩት። አባቴ ሞኝ ነው፣ ዛሬም አራት መቶ ነበር የከተተው። ጋሼ መቶ ሰባ ወሰዱ፣ ሁለት መቶ ሠላሳውን መልሰው ፖስታው ውስጥ አስገብተው እጄ ላይ አደረጉት። «ገበያው እንዴት ነው?» አላሉኝም። ጓደኛዬ ጓዳ ውስጥ ነበረች፣ አልወጣችም። እንዴት አድርጌ እቤት እንደደረስኩ አላውቅም።

ሰኞ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ታማ ይሆናል አልኩ። ከሰዓት በኋላ ሱቅ ስደርስ ጋሼ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፣ አባቴ ፊታቸው ቆሟል፣ እሷ ደግሞ ባንኮኒው ጀርባ ቆማ ብርጭቆ ትወለውላለች። ዩኒፎርም አልለበሰችም።

«መቶ ሰባውም ቢሆን የሚሠራ ሰው ድርሻ ነው» ይሉታል ጋሼ አባቴን። «እኔ እግር የለኝም። እጅ አምጣ ብትለኝ እጄ ይቺ ናት።»

«ጋሽዬ፣ ትምህርቷስ?» አለ አባቴ። በእድሜ ይበልጡታል፤ ሲጨንቀው ነው እንዲህ የሚላቸው። «የሚኒስትሪ ፈተና ሦስት ወር ቀረው እኮ። አንተ ራስህ አይደለህም እንዴ ዩኒቨርሲቲ ስትል የኖርከው?»

«እያበላኸኝ እንደሆነ ሳላውቅ ነዋ ያልኩት!»

ቁጭ ብዬ ሳስበው አባቴ ምን ይበል? አይሆንም፣ አትሠራም ቢላቸው፣ ዝም ብለህ ምጽዋቴን ተቀበል ማለት ነው። ሁለቱ ሰዎች ሲከባበሩ ልጅቱን መሐል ላይ አጣበቋት። እናደድባቸዋለሁ፣ ዛሬም እናደድባቸዋለሁ። ግን በምን አፌ?

ለምኜያለሁ፣ ቆጥራችሁ አትጨርሱትም። እናቷን ለመንኩ፤ «እትዬ፣ እባክዎ ይንገሯቸው» ስላቸው «ልጄ፣ ከአንገቱ ቀና ያለው ገና አሁን ነው፤ እንዴት ብዬ ልስበረው?» አሉኝ። ያንን መቶ ብር ልስጣት ብዬ ባንክ ሄድኩ፤ ለካ አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላኝ ያለ አሳዳጊ ፊርማ አይወጣም። ቲቸርም ሄዳ ለመነቻቸው፤ ባለከረባቱ ሳይቀር ሄደ፣ ነገሩ ሲገባው ፊቱ ጠቁሮ። ጋሼ ሻይ አጠጥተው፣ አመስግነው ሸኟቸው። ፈተናው ሲደርስ አባቴ ለመጨረሻ ጊዜ ሞከረ። «የፈተናውን ቀናት ብቻ ትፈተን፣ በእነዚያ ቀናት ሱቁን ብቻዬን እይዛለሁ» አላቸው።

«አንተ?» አሉ ጋሼ። «ደግሞ ልትሸከመኝ?»

ከዚያ በኋላ አባቴ ነገሩን አላነሣውም።

የፈተና መግቢያ ካርዷ ትምህርት ቤት መጥቶ ነበር፣ ፎቶዋ የተለጠፈበት። ወስጄ ሰጠኋት። አየችው፣ ባንኮኒው መሳቢያ ውስጥ ከሳንቲሙ ጋር አስቀመጠችው። «አንቺ ግን ጠልተሽኛል አይደል?» አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሊትም ቀንም የምታስጨንቀኝ ያቺ ጥያቄ ነበረች።

«አንቺ ምን አደረግሽ?» አለችኝ። «ያልኩት እኔ ነኝ።»

እንደዚያ ስታስብ ነው የከረመችው! እኔ የጻፍኩትን እኔ እንዳደረግኩት ሳስብ፣ እሷ ደግሞ የተናገረችውን እሷ እንዳደረገችው። ጆጎቹን እያነሣሁ ደረደርኩላት።

ፈተናው ላይ የእሷ ወንበር ከፊቴ ነበር። ፈታኙ ካርድ ሲሰበስብ ወንበሩ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አየ፣ ዝርዝሩን አየ፣ «የለችም?» አለ። «የለችም» አልኩ። እስክሪብቶውን ከኪሱ አውጥቶ ስሟ ላይ አንድ መስመር አሰመረ። ሰውየው ሥራውን ነው የሠራው። የሒሳቡን ወረቀት ሳነብ ፊደሎቹ በእንባ ተደባልቀውብኝ ግማሽ ሰዓት አለፈ።

ስወጣ ሮጬ ሱቅ ሄድኩ። የገበያ ቀን ነው፣ ሰው ሞልቷል። አባቴ መጋዘን ነው። እሷ ለአንዷ ሴትዮ ስኒ እየቆጠረች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ «የሒሳቡን ጥያቄ ታስታውሺዋለሽ?» አለችኝ።

አስታውሼ ነው የወጣሁት፤ ለሷ ብዬ ነው ያጠናሁት። አንድ በአንድ ነገርኳት። ከጆሮዋ ላይ እርሳሷን አወረደች፣ ባዶ ካርቶን ስባ ገለበጠችና በቆመችበት መሥራት ጀመረች። ሰው ሲመጣ ትሸጣለች፣ መልስ ትሰጣለች፣ ተመልሳ ትሠራለች። አባቴ ፔርሙስ ተሸክሞ ከመጋዘን ብቅ አለ፤ የምንሠራውን ሲያይ ቀስ ብሎ ተመልሶ ገባ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን እኔ ስቻቸዋለሁ። እሷ መልሱን ስትጽፍ ነው መሳቴን ያወቅኩት።

«ልክ ነው?» አለችኝ ካርቶኑን ወደኔ አዙራ።

«ሁሉም ልክ ነው» አልኳት።

ካርቶኑን ትንሽ አየችው።

«አልፌ ነበር ማለት ነው» አለች። ከዚያ ከኋላዬ ለቆሙት ሴትዮ ቀና ብላ «እትዬ፣ ምን ልስጥዎት?» አለቻቸው።